ሰው ሳይሞት የሚነፋ ጥሩምባ

ባለቤቴ ባረፈ በሦስተኛው ወር ሞቱን ለሰፈሩ ሰው እንደገና አወጅኩ። አስቤ ያደረግኩት አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት እሱ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጀምሮ የተወውን ሥራ ለመጨረስ ኮምፒውተሩን አንድ ነገር አዘዝኩት። ሻዬ ሳይበርድ ስልኬ ጮኸ። ከእድራችን የተላከ መልእክት ነበር፤ የባለቤቴን ስም ይጠራና ማረፉን፣ ቀብሩም በዚያው ዕለት በስምንት ሰዓት እንደሚፈጸም ይናገራል። ቀና ስል የጎረቤቶቼ ስልክ ተራ በተራ በየግቢው ሲጮኽ በመስኮቱ ይሰማኛል።

አዳማ ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ እድሩ የሁሉም ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም በአንድ ድንኳን ይቀመጣል። ድሮ ሰው ሲሞት አንድ ሽማግሌ ገና ሳይነጋ ጥሩምባቸውን ይዘው በየመንገዱ ይለፍፉ ነበር። እያደር ሰፈሩ ሰፋ፤ ብዙ አባላት ወደ ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ ጥሩምባው የማይደርሳቸው በዙ። ሙስሊም አባል ሲሞት ደግሞ ቀብሩ በዚያው ዕለት ስለሆነ፣ አርፍዶ የሰማ ሰው የሚያገኘው ከመቃብር የሚመለሱትን ነው። ባለቤቴ ኮምፒውተር በመጠገንና ለነጋዴዎች ፕሮግራም በመጻፍ የሚተዳደር ሰው ነበርና፣ ለእድሩ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሠራ። የሟቹ ስም፣ የቀብሩ ቦታና ሰዓት ይገባበታል፤ ኮምፒውተሩ ላይ በምትሰካ፣ ሲም ካርድ በያዘች ትንሽ መሣሪያ፣ በዶንግል በኩል ለአባላቱ ሁሉ ይደርሳል።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። እሱ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ ይህ ምንድን ነው፣ ያ ለምንድን ነው እያልኩ ስነዘንዘው ኮድ ማንበብ ለመድኩ። በኋላ በኋላ ስህተቱን የምፈልግለት እኔ ሆንኩ።

የእድሩ ኮምፒውተር የሚገኘው ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ በሚቀመጥበት እቃ ቤት ውስጥ ነው። አርጅቷል፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እያቃሰተ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ባለቤቴ ፕሮግራሙን ቤት ውስጥ ኮምፓይል ያደርገው ነበር። ሰው የሚያነበውን ጽሑፍ፣ ማሽኑ ሳያስብ ወደሚሠራበት መልክ አስቀድሞ ይለውጠዋል ማለት ነው። በዚያ ብቻ አያበቃም። ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ የሚሠራቸውን የመጀመሪያ ሥራዎች እዚያው በኮምፓይል ጊዜ ያሠራና ውጤታቸውን አብሮ ያሽጋል። የአባላቱ ዝርዝር ተነቦ፣ ስልክ ቁጥሩ ተጣርቶ፣ ሁሉም ተሰናድቶ በፍላሽ ወደ እቃ ቤቱ ይሄዳል። «እንደ ድርቆሽ ነው» ይለኝ ነበር፤ «እዚያ ሲደርስ ውሃ ጠብ ማድረግ ነው የሚቀረው።»

እሱ ከሞተ በኋላ ያ ሥራ ለእኔ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ባለቤቴ የባቱ ልጅ ነው። ታናሽ ወንድሙ እዚያ ሽንኩርትና ቲማቲም በአይሱዙ እየጫነ ይነግዳል። ከአርባው ወዲህ በመጣ ቁጥር የሚነግረኝ ስለ አንድ ነገር ነው። ግቢያቸው ውስጥ ክፍል ተሠርቶልኛል፤ ቀለም ተቀብቷል፤ የወንድማቸው ሚስት ብቻዋን ስትኖር ዘመድ ምን ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ልጅ የለንም፤ እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ ከኖርኩበት ቤት ወጥቼ በሰው ግቢ ውስጥ፣ በደግ ሰዎች መካከል፣ የሚቀርብልኝን እያመሰገንኩ እየበላሁ መሞት አልፈለግኩም። ይህን ግን ፊት ለፊት አይነግሩትም። ስለዚህ «የእድሩ ሥራ አለብኝ» አልኩት። ወዲያው ነገሩን ተወው። በእድር ነገር ማንም አይከራከርም። እዚህ ቤት የመቆየቴ ነገር የተንጠለጠለው በዚያች ቃል ላይ ነበር።

ሥራው እውነት ነበር። ከአርሲ በኩል የመጡ አባላት መልእክቱ በአፋን ኦሮሞም እንዲመጣላቸው ጠይቀው ነበር፤ ባለቤቴም እሺ ብሎ ጀምሮት ታመመ። የኦሮምኛውን ጽሑፍ እሱ ራሱ አዘጋጅቶታል። የቀረውን ጥቂት መስመር ጻፍኩና ኮምፓይል አደረግኩት። ከዚያ የሆነውን ነግሬያለሁ።

በዚያ ጠዋት መጀመሪያ የደረሰችው የፊት ለፊት ጎረቤቴ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ንፍሮ በሰሃን ይዛ ከገባች በኋላ ነው ግራ የገባት። ሰውየውን ራሷ ቀብራዋለች። ግን መልእክት መጣ፤ የእድር መልእክት ከመጣ ደግሞ ሰው አያስብም፤ እግሩ ነው የሚነሳው። ሌሎችም እንደዚያው እየመጡ በረንዳው ላይ ቆሙ። ለቅሶ ይድረሱ ወይስ ይሳቁ አላወቁም። ጥሩምባ ይነፉ የነበሩት ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና የቆመውን ሰው ሁሉ አይተው፣ «በእኛ ጊዜ ሰው የሚሞተው አንዴ ነበር» አሉ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔም ሳቅሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መሳቄ ነበር፤ ወዲያው አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ግን የሚያስቅ ነገር አልቀረም። ወደ ቡልቡላ ሄዳ ሱቅ የከፈተች አንዲት የድሮ አባላችን አለች። የመጀመሪያው መልእክት ሲላክ ስልኳ ተበላሽቶባት ነበር፤ ከዚያም በሥራና በልጅ ሕመም ተይዛ ሳትመጣ ቀርታ፣ መሞቱንም ሳትሰማ ኖራለች። መልእክቱ ሲደርሳት ሱቋን ዘግታ በሚኒባስ መጣች። ከበሩ ጀምራ እየጮኸች ገባች፤ ለእሷ ባለቤቴ የሞተው በዚያ ጠዋት ነበር። ተሳስተን ነው ብዬ ልነግራት አልቻልኩም፤ ሞቱ ስህተት አልነበረምና። አብሬያት እንደ አዲስ አለቀስኩ።

የባለቤቴ ወንድም በስልክ ያገኘኝ ከመቂ መንገድ ላይ ሆኖ ነው። ቁጥሩን ከአባላቱ ጋር ያስገባለት ባለቤቴ ራሱ ነው። መሪ ይዞ ሳለ ስልኩን አየት ሲያደርግ የወንድሙን ሞት አነበበ። አቁሞ መንገድ ዳር ተቀምጧል።

«እትዬ፣» አለኝ፣ «እባክዎ ይተዉት። ይህ ማሽን ያሳብድዎታል።»

የእድሩን ሰብሳቢ እኛ ዳኛ እንላቸዋለን። ማምሻውን መጥተው ነገሩን በዝግታ አዩት። አልተቆጡም። ኮሚቴው ግን እንዳጉረመረመ፣ እስከሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ካልተስተካከለ ኮምፒውተሩን ተረክቦ ሥራውን በኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ ወጣቶች ሊሰጥ እንደሚፈልግ ነገሩኝ። እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ። ለባለቤቴ ወንድም የምነግረው ምክንያት ያኔ ያልቃል። ቀለም የተቀባው ክፍል ይጠብቀኛል።

በማግስቱ ቀላል መስሎ የታየኝን መንገድ ሞከርኩ። ለሥራው ከእቃ ቤቱ አምጥቼ የሰካኋትን ዶንግል ነቀልኳት። መላኪያ ከሌለ ምን ይልካል? ኮምፓይል አደረግኩት፤ ማንም ጋ ስልክ አልጮኸም። ደስ ብሎኝ በፍላሽ ይዤ ወደ እቃ ቤቱ ሄድኩና በአሮጌው ላይ ገለበጥኩት። ዳኛው እንዲሞክሩት ዶንግሏን ሰካሁ። ፕሮግራሙ በቅጽበት ተነሳና «መላኪያ መሣሪያ የለም» አለ። ነቅዬ ሰካሁ። መሣሪያ የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁ። መሣሪያ የለም። ዶንግሏ እዚያው ተሰክታ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ፕሮግራሙ ግን አያያትም።

ዶንግሏን ይዤ ቤት ተመልሼ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ጀመርኩ። ቀናት ወሰደብኝ። የባለቤቴን ጽሑፍ ማንበብ እሱን እንደ መስማት ነው፤ አንድ መስመር አነብና እቆማለሁ። በመጨረሻ ገባኝ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ከሚሠራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች መካከል ዝርዝሩን ማንበብ አለ፤ መሣሪያዋን መፈለግ አለ፤ ያልተዘጋ የሞት መልእክት ካለ መላክም አለ። ባለቤቴ ሁሉንም በአንድ ላይ በኮምፓይል ጊዜ እንዲሠሩ አድርጓቸዋል። ዶንግሏ ተሰክታ ከሆነ መልእክቱ ከእኔ ቤት ይሄዳል። ተነቅላ ከሆነ ደግሞ ፈልጎ ማጣቱ ራሱ ይታሸጋል፤ እቃ ቤት ሄዶ ሲነሳ ዳግመኛ አይፈልግም፤ ያኔ ያላየውን አሁንም እንደሌለ ይቆጥረዋል።

ቁጥር ማጣራት፣ ስም በፊደል ተራ ማስያዝ አስቀድሞ ቢሠራ ማንንም አይነካም። መቶ ጊዜ ቢደገምም ያው ነው። መልእክት መላክ ግን ከቤት የሚወጣ ሥራ ነው፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ድንኳኑን አጥፎ፣ ካስማውን ቆጥሮ፣ ወንበሩን አጥቦ ማስቀመጥ ይቻላል። ጥሩምባው ግን ሰው ሳይሞት አይነፋም። ባለቤቴ ካስማውንና ጥሩምባውን በአንድ ከረጢት ከቷቸዋል።

ታዲያ እሱ በነበረበት ጊዜ ለምን አልደረሰበትም? ይህንንም አገኘሁት። እሱ አንድ ሰው ሲቀበር፣ ሣልስቱ ካለፈ በኋላ፣ የዚያን ሰው መልእክት ገብቶ ይዘጋው ነበር። ኮምፓይል ሲያደርግ የሚላክ ነገር አይኖርም። የእሱን መልእክት የላከው ግን የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ ላከና ወደ ድንኳኑ ሄደ። የዘጋው የለም፤ እኔም ለሥራው መዝገቡን በፍላሽ ወደ ቤት ሳመጣ ክፍት እንደሆነ አብሮ መጣ። መዝጋት የእሱ ሥራ እንደነበር የሚያውቅም ሰው አልነበረም፤ ከእሱ ወዲህም ሌላ አባል አልሞተም።

ለዳኛው ይህን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«ታዲያ ዝጊው እንጂ፣ እቴ» አሉኝ። «ይኸው ነው እንዴ?»

ይኸው አይደለም አልኳቸው። ነገ የአንዱ ሰው መልእክት ሳይዘጋ ሌላ ሰው ፕሮግራሙን ቢነካ፣ ያም ሟች እንደ ባለቤቴ እንደገና ይሞታል። መላኩን ከኮምፓይሉ ነጥሎ ማውጣት ይሻላል። ያልኩት ትክክል ነበር። ግን ያን ብቻ ብዬ ብተው እዋሻለሁ። የሚዘጋበት ቦታ ላይ ስደርስ የሚመጣውን ቃል አውቀዋለሁ። ባለቤቴ «ተዘግቷል» ማለት ለሰው አይሆንም ብሎ «ተፈጽሟል» የሚል አድርጎታል። ከስሙ አጠገብ ያንን መጻፍ አልቻልኩም። ቀስ ብዬ ሥራውን መከፋፈል ጀመርኩ፤ ማንበቡንና ማሰናዳቱን ለኮምፓይል ጊዜ ተውኩ፤ መፈለጉንና መላኩን ፕሮግራሙ እቃ ቤት ሲነሳ ብቻ እንዲሠሩ፣ መላኩም አስቀድሞ እንዲጠይቅ አድርጌ አወጣኋቸው። ጨረስኩ ስል ደግሞ፣ መሣሪያዋን የሚያዘው የኮዱ ክፍል ስሙ በሌላ መስመር በተነሳ ቁጥር ሳይጠየቅ ራሱ የሚከፍታት ሆኖ አገኘሁት። እሱንም ፕሮግራሙ እቃ ቤት እስኪነሳ እንዲቆይ አዘገየሁት። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ጊዜም ኮምፓይል አላደረግኩም። መሞከር ማለት፣ ተሳስቼ ከሆነ፣ ቡልቡላ ያለችው ሴት እንደገና ሱቋን ትዘጋለች ማለት ነው። ሳልሞክር ደግሞ መጨረሴን አላውቅም። ስብሰባው እየቀረበ፣ እኔ በዚያ ወንበር ላይ እጄን አጣጥፌ እቀመጥ ነበር።

ከዚያ ሐጂ ሞቱ። ከወሎ መጥተው አዳማ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ የማንም ቀብር ቀርቶባቸው የማያውቅ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ከታመሙ ቆይተዋል። ጠዋት በአንድ ሰዓት ትልቁ ልጃቸው፣ ራሱ የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ ከዳኛው ጋር በሬን አንኳኳ። ቀብሩ ከዙህር ሰላት በኋላ ነው። ዳኛው ሽማግሌው ጥሩምባቸውን ይዘው እንዲወጡ ልከዋል፤ ለሩቆቹ ግን አይደርስም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «አባቴ የሁሉንም ቀብረዋል» ብቻ አለኝ። አንድ ሰዓት እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው።

ያለኝ ሁለት ነገር ነው፤ እቃ ቤት ያለው ዲዳ ፕሮግራምና ቤት ያለው ያልተሞከረ። ዶንግሏን ነቅዬ ኮምፓይል ባደርገው የተሳሳትኩት ነገር ይደበቅብኛል፤ እቃ ቤት ስደርስ እንደገና ዲዳ ይሆናል። ተሰክታ ሳለ ማድረግ ነበረብኝ። ተሳስቼ ከሆነ፣ ሐጂን ሊቀብር የሚወጣው ሰው ሁሉ ወደ እኔ በር ይመጣል።

ትእዛዙን ሰጠሁና ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አየሁት። ኮምፓይሉ መስመር በመስመር ይወርዳል። ዝርዝሩን አነበበ። ቁጥሩን አጣራ። ያኔ ከጎረቤት ግቢ አንድ ስልክ ጮኸ። ሁለተኛው እስኪጮኽ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ጎረቤቴ ከግቢዋ ሆና ስለ ካርድ ሽልማት መልእክት የሚልኩትን ስትራገም ሰማኋት። ኮምፓይሉ አለቀ፤ ስልኬ እንደተኛ ነው። ፍላሹንና ዶንግሏን ነቅዬ ባጃጅ ያዝኩ።

እቃ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ ድንኳን እየወጣ ነው። ዶንግሏን ሰክቼ ፕሮግራሙን ገልብጬ አስነሳሁት። አሁን መሣሪያዋን ፈለገ፤ አገኛት። የሐጂን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት አስገባሁ። ከዚያ፣ እንዲጠይቅ እንዳደረግኩት፣ ያልተዘጉትን መልእክቶች ደርድሮ ልላካቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ናቸው። ከላይ የባለቤቴ፣ ከታች የሐጂ።

እንደሚሆን ማወቅ ነበረብኝ። የኮምፓይሉን ችግር ነው የፈታሁት፤ መላኩ ወደሚገባው ሰዓት ተዛወረ እንጂ መልእክቱ ክፍት እንደሆነ ነው። አንዱን ለይቶ መላክ አይቻልም። አንዱን ብቻ የሚያስመርጥ ቁልፍ ባለቤቴ አልሠራም፤ ለእሱ ክፍት የሆነ ሁሉ የሚላክ ነበር። እሱን ለመጨመር ቤት ተመልሼ እንደገና መጀመር አለብኝ። የሐጂ ልጅ ከኋላዬ ቆሟል፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

ዳኛው ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አነበቡ። ገባቸው።

«እቴ፣» አሉ በዝግታ፣ «ሰው ቆሟል።»

ከላይኛው መስመር ላይ ሄጄ ዘጋሁት። ተፈጽሟል አለ። ሌላ ምንም አልሆነም። ወዲያው ላክ አልኩት።

ግቢው ውስጥ ስልኮች አንድ በአንድ ጮኹ። አንድ የአርሲ ሰው ኦሮምኛውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ለጓደኛው ሲያነብለት ሰማሁ፤ የባለቤቴ አጻጻፍ ነው፣ ሰላምታውና ምርቃቱ ሳይቀር። ከለፈፋ የተመለሱት ሽማግሌ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዩና፣ «ይኸው፣ አሁን ጡረታ ወጣሁ» አሉ። እኔ የሐጂን ልጅ አላህ ይማራቸው ብዬ ከእቃ ቤቱ ወጣሁና ከግድግዳው ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ለሐጂ ነው ብለው ተዉኝ።

ቀብሩ ላይ ሰው ሞልቶ ነበር። የባለቤቴ ወንድም መልእክቱ ባቱ ደርሶት፣ ሐጂን በንግድ ያውቃቸው ስለነበር ጭነቱን ትቶ መጣ። ከቀብር መልስ ቤቴ ሲገባ ሻይ አፈላሁለት። ዳኛው ቀድመውት መጥተው የእቃ ቤቱን ሁለተኛ ቁልፍ ሰጥተውኝ ሄደዋል፤ ሥራው በእኔ እጅ እንዲቆይ ኮሚቴው እዚያው ከቀብር ሲመለስ መንገድ ላይ ተስማምቷል። ስልክሽን ግን እንዳታጠፊ፣ በተለይ ወደ ንጋት፣ ብለውኛል። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ወንድሙም አየው።

«እንግዲህ አይመጡም ማለት ነው» አለ።

አልመጣም አልኩት። ተቀየመ ብዬ ፈራሁ፤ አልተቀየመም። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ የወንድሙን ወንበር አየ። ከዚያ ልጆቹ እንደሚናፍቁኝ፣ ክፍሉ ባዶ ከሚሆን ለአንድ ሳምንት ብቻ መጥቼ ሐይቁ ዳር አየር እንድቀበል፣ ዓሣም እንድበላ ለመነኝ። በአይሱዙው ራሱ ይወስደኛል፤ ራሱ ይመልሰኛል።

ልሄድ ፈለግኩ። ያኔ ከልቤ ፈለግኩ። ግን ስልኩን አየሁና፣ «በመሃል ሰው ቢሞትስ?» አልኩት።

ሳቀ። የወንድሙን ሳቅ ነው የሚስቀው፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ።

«እትዬ፣ እታሰራለሁ ብለው የፈሩት እኛ ጋ ነበር አይደል?»

ሊያስከፋኝ አይደለም። ሻዩን ጨርሶ ተነሳ፤ ቲማቲም ከሚመጣው ጭነት እንደሚልክልኝ ነገረኝና ባዶውን አይሱዙ እየነዳ ወደ ባቱ ተመለሰ። በሩን ዘግቼ ገባሁ። በእኛ በኩል ወደ ማታ መብራት ይጠፋል፤ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰካሁት፣ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት።